ቁጢጥ ሲል አነሳሁት

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አስቴር ናት፤ የናኦል እናት። ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ሠላሳ ዓመት የሮቤን ስንዴ በኮምባይነር ሳጭድ ፊደል የጠየቀኝ የለም።

ደብተር፣ አንተን ያስገዛህ ጎባ ያለው ዶ/ር ነው። ልጁ ከንፈሩ የሚጠቁረው መቼ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ምን ሲያደርግ እንደነበር በየቀኑ ይጻፍ አለ። ናኦል ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ቀዳዳ አለው። ደሙ ወደ ሳንባ የሚሄድበትም መንገድ ጠባብ ነው። ቀዶ ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ ነው። ተራ ይጠበቃል። ሲደርስ ይደውላሉ። አስቴር ጠዋት ጠዋት ወረዳው መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ በዚያ ሰዓት ልጁ ከእኔ ጋር ነው። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሳታሳምር።

ዛሬ አንዴ ጠቆረ። 4 ሰ. ላይ። ሁለት ዓመቱ ነው፣ መራመድ የጀመረው በመስከረም። ከቤቱ በር ወደ አጥሩ እወስደዋለሁ። መሃል ላይ ቁጢጥ አለ። ስንፍና አልወድም። ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ትንሽ ሄደ፣ አለቀሰ፣ ከንፈሩ ጥቁር እንጆሪ የበላ መሰለ። ከዚያ አለፈለት። ወተት ግማሽ ኩባያ ጠጣ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሁለቴ ጠቆረ።

የመጀመሪያው በጎረቤታችን በሐጂ ከድር ፊት ነው። ሐጂ ደህና ሰው ናቸው። ግን ልጁን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁሉም እንደዚያ ነው፤ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል። ደሜ ይፈላል። ናኦል መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለ። የእኔ ዘር ሜዳ ላይ ቁጢጥ አይልም ብዬ አነሳሁት። እኔ ሳቅሁ። ሐጂ አልሳቁም፤ አላህ ያሽረው ብለው ሄዱ።

ሁለተኛው አስቴር ከሥራ ከገባች በኋላ ነው። ሲያለቅስ። እሷ አትጮኽም። ልጁ እንዳይፈራ ፈገግ ትላለች። ከንፈሩ እየጠቆረ ፊቱ ላይ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ጓሮ ሄዳ ፊቷን ትታጠባለች። ይህንንም ጻፊ አልኳት። ምን ያደርጋል አባዬ አለች። ጻፊ አልኩ።

ስልክ ጮኸ። ድስቱን ጥላ ሮጠች። የዕድር ሰው ነው።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ጆሮዬን ደረቱ ላይ አስጠጋሁ። እኔ የኮምባይነር ኩሽኔታ ሊበላሽ ሲል ከማሳው ማዶ በድምፁ የማውቅ ሰው ነኝ። መካኒኮቹ ሳይከፍቱ እኔን ይጠይቁ ነበር። የልጁ ደረት ሽው ይላል፣ በቀጭን ሚስማር እንደተበሳ ጎማ። ሰማሁት። ችግሩን ሰማሁት። ታዲያ ምን ላድርግ? መፍቻ የሚገባበት አይደለ።

አንዴ ጠቆረ። እንደ ልማዱ ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ አነሳሁት።

ከአዲስ አበባ ስልክ የለም።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አስቴር ሳምንት ሙሉ ብዕር አልያዘችም። ዛሬ ይዛለች። ያለፈው ማክሰኞ ይጻፍ።

ጎባ ነበርን፣ ለቀጠሮ። አግዳሚው ላይ እናቶች ብቻ። ሁሉም አስቴርን ይመስላሉ፦ ልጅ በጭን፣ ስልክ በእጅ። ከገሰራ የመጣች አንዲት እናት አጠገባችን ናት፤ የልጇ ሕመም ያው የናኦል ነው። ናኦል ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ላነሳው ስነሳ በኦሮምኛ ዲሳ አለችኝ፤ ይተዉት አባ፣ እያረፈ ነው። የራስሽን ያዢ አልኳት። የራሷ ልጅ ማለክለክ ጀምራ ነበር። የልጅቷን ጉልበት ወደ ደረቷ አጥፋ አቀፈቻት። የልጅቷ ትንፋሽ ረጋ። አየሁ። አይቼም ናኦልን አነሳሁት።

ዶ/ሩ ደብተሩን አነበበ። ገለጠ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ ገለጠ። የሚያነሳው ማነው አለ። እኔ ነኝ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

“አባባ፣ ሰንፎ አይደለም። አየር ሲያጥረው ሰውነቱ ራሱ ያገኘው መላ ነው። ቁጢጥ ሲል ደሙ ወደ ሳንባው ይሄድለታል። እርስዎ ሲያነሱት መላውን ይቀሙታል።”

ለስለስ ብሎ ነው የተናገረው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲጠቁር ጉልበቱን አጥፎ ማቀፍ ነው አለ፣ እንደ ገሰራዋ። ካልተወው ሮጦ ወደ ሆስፒታል ማምጣት። ተራውን ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። በዚህኛው ያፈረው እሱ ነው።

በሚኒባስ ወደ ሮቤ ተመለስን። ስወርድ የገሰራዋን ሴት ይቅርታ ሳልጠይቅ መምጣቴ ትዝ አለኝ። ስሟን አላውቅም።

አስቴር ዛሬ አነሳሁት የሚሉትን ገጾች ልትቀድ ደብተሩን አወጣች። ያዝኩባት። የተናደደችው በእኔ መስሎኝ ነበር።

“እኔስ አባዬ? በገዛ እጄ አይደል የጻፍኩት? እርስዎ አነሳሁት ሲሉ እጄ አንዴም አልቆመም።”

ያ የእኔ ነው፣ አትካፈይኝ አልኳት። ብዕሩን አስቀመጠች። አለቀሰች። አሁን ይኸው ይዛዋለች።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ፣ 10 ሰ.

ኮምባይነሮች ወደ ማሳ እያለፉ ነው። ናኦል ልይ አለ፤ መንገድ ወጣን። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ቁጢጥ አለ። እጄ ልማዱን ሊያደርግ ተዘረጋ። መለስኩት። ከዚያ ዝቅ አልኩ። ጉልበቴ ተንቋቋ። ሁለታችንም መንገድ ዳር ቁጢጥ አልን።

ሐጂ ከድር መጡ። ምን ወደቀባችሁ አሉ፣ መሬቱን እያዩ። እያረፍን ነው አልኩ። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቁን። ናኦል ጉልበቴን ይዞ ይተነፍሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ጉልበቱን ራሱ አጥፏልና አላቅፈውም፣ አላነሳውም፤ እሱን አያለሁ። ብዙ ቆየ። መስሎኝ ይሁን እውነት እንጃ፣ ከንፈሩ ቀላ። ራሱ ተነሳ። እኔን ያነሱኝ ሐጂ ናቸው።

ይህ ሕመሙን አያድነውም። አውቃለሁ። ተራው አልደረሰም። ስልኩ አሁን በእኔ ኪስ ነው፤ አስቴር በየጥሪው አትሮጥም፣ እኔ እሮጣለሁ። ሌላ የማደርገው የለኝም። ቁጢጥ ሲል ቁጢጥ እላለሁ፤ እስኪደወል።

በቃ። በይ አሁን ከኅዳር 3 ጀምረሽ አንብቢልኝ። አነሳሁት ያልኩበት ላይ ስትደርሺ አትዝለይው። ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ።