ከፈተናው የተቀነሱት ልጆች

ሰኞ

ስድስት ልጆች ክፍሌ በር ላይ አሰልፎ "ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናቸው" አለኝ ዳይሬክተራችን፣ አቶ ደምሴ። በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን አንቱታ የለውም።

ሁሉም የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። እኔ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ፤ መስማት የተሳናቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሳስተምር ኖሬያለሁ። እነዚህ ምንም የለባቸውም። ሞዴል ፈተና ወደቁ፣ በቃ።

ቢሮው ድረስ ሄድኩ። "ማን መርምሯቸው ነው?"

"አስካለ፣ አምና ዞኑ ፊት እንዴት እንደተዋረድን ታውቂያለሽ። ባንቺ ክፍል ከተመዘገቡ ክልላዊው ፈተና ላይ ከኛ ውጤት ጋር አይደመሩም። ፈርሚ።"

አልፈረምኩም። ራሱ ፈረመ።

ቆይ ብቻ።

ማክሰኞ

የሰላም አባት ከእነዋሪ መጡ። ሰላም ከስድስቱ አንዷ ናት፤ እዚህ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። ሒሳብ ይከብዳታል እንጂ ማንበብ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም።

አባቷ በሩ ላይ ቆመው በእጃቸው የሚያወሩትን ልጆች አዩ። ቆባቸውን አውልቀው ጠጋ አሉኝ።

"የኔ እመቤት፣ ልጄን ምን ነካት? የቱ ፀበል ይሻላታል?"

"ምንም አልነካትም አባቴ። ጤነኛ ናት።"

"ታዲያ ትምህርት ቤቱ ምነው እንዲህ አለ? ካልሆነላት ይዣት ልግባ። የሚጠይቃትም ሰው አለ።"

ሰላም ጫማዋን ታያለች። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ! እስከ አርብ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉ።

ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ።

ረቡዕ

የሒሳብ መምህሩ ንጉሤ በእረፍት ሰዓት ሳያስበው አመለጠው። ቤዛም ሞዴሉን ወድቃለች። ቤዛ የአቶ ደምሴ ልጅ ናት፤ እዚሁ ስምንተኛ ክፍል። ከሰላም በታች ነው ያመጣችው። ከስድስቱም በታች! እሷ ግን ከወንበሯ የነካት የለም። አባቷ አስጠኚ ቀጥሮላታል።

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ።

ነገ ስብሰባ ነው። ድምፄን ዝቅ ማድረግ። ሁሉም እስኪቀመጡ መጠበቅ። ማልቀስ የለም።

ሐሙስ

አደረግኩት!

መምህራኑም የወላጅ ተወካዮቹም ነበሩ። አቶ ደምሴ ዘንድሮ ከዞኑ አንደኛ እንወጣለን እያለ ሲደሰኩር እጄን አወጣሁ።

"ስድስቱን ልጆች ተረክቤያለሁ። አንዷ ግን ቀርታብኛለች።"

"ማን?"

"ቤዛ ደምሴ። በእርስዎ ሚዛን ከሆነ ቀድማ መምጣት የነበረባት እሷ ናት። ነገ ይላኩልኝ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። "ልጄን እንዳትነኪ!" ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው።

"የሰውስ ልጅ?" አሉ አንዲት የወላጅ ተወካይ፣ ብድግ ብለው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይሰማል።

ከሰዓት፣ በወላጆቹ ግፊት፣ ስድስቱም ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሰላም በሩጫ ነው የሄደችው።

እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ያንን ፊቱን እያስታወስኩ።

አርብ

የሰላም አባት ልጃቸውን ለአክስቷ አደራ ብለው፣ እኔንም መርቀው ተሳፈሩ።

ትምህርት ልጀምር ስል በሩ ተንኳኳ። ቤዛ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

"ቲቸር፣ ልጆቹ 'ያንቺ ክፍል እዚያ ነው' አሉኝ። የት ልቀመጥ?"

ለአባቷ ያዘጋጀሁት ስድብ ገና አላለቀም ነበር። ለእሷ ግን ምንም አላዘጋጀሁም። የእሷን ስም ነው ለካ ያን ሁሉ ሰው ፊት ያሰጣሁት።

"ያንቺ ክፍል እዚህ አይደለም፣ የኔ ልጅ" አልኳት። አላመነችኝም። ተመልሼ አልሄድም አለች። አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ እስከ ምሳ ቀና አላለችም።

ለእሱ አሁንም አልራራሁም። ትናንት ቢደገም እደግመዋለሁ። የልጅቱን ስም ሳልጠራ መድገም ይቻል እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሰኞ እጇን ይዤ ክፍሏ ድረስ እወስዳታለሁ። እጇን ከሰጠችኝ።