ስለ ቆመው ሊፍታችንና ስለ ወይዘሪት ግሬስ ትሕትና

ለተከበሩት የሕንፃችን አስተዳደር ሥራ አስኪያጅ፣

ስምዎን በየትኛውም ወረቀት ላይ ስላላገኘሁት በማዕረግዎ ብቻ በመጥራቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ደረጃ የሚወጡበት ጉልበትዎ፣ እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። እኔ ሴንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ዳር፣ በሕንፃችሁ ስድስተኛ ፎቅ የምኖር ለተገብርኤል የምባል ጡረተኛ ነኝ። በጋዜጣ መጻፌ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ ሌላ የሚያደርሰኝ መንገድ ስላጣሁ ነው።

አንደኛው ጉዳዬ ሊፍቱ ነው። የቆመው ጃንዋሪ ስድስት ቀን ነው። ባለቤቴ መድሃኔ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን በማሽን ካልታጠበ በሕይወት አይቆይም፤ እግሩም ደረጃ አይችልም። ስለዚህ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው የኤርፖርት ሾፌር ያደታና ወዳጃችን ጎይትኦም በወጥ ቤት ወንበር አስቀምጠው ያወርዱትና መልሰው ያወጡት ጀመር። መድሃኔ ኮትና ባርኔጣውን አድርጎ «ዛሬስ ጳጳስ መሰልኩ» እያለ ያስቃቸው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የያደታ ወገብ ተያዘ፤ ሳቁም መሸከሙም በዚያው አበቃ። ነጻ የስፖርት ዕድል ስለሰጣችኋቸው ሁለቱም ያመሰግናሉ።

ሁለተኛው የምስጋና ጉዳይ ነው። ለቢሯችሁ በስልኬ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሰባቱንም ጊዜ ግሬስ የተባለች ሠራተኛችሁ ደቂቃ ሳትቆይ መለሰችልኝ። «ውድ ለተገብርኤል፣ ጭንቀትሽ በጣም ይሰማኛል፤ ከጎንሽ ነኝ» ትለኛለች። ከገዛ ልጆቼ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ በቤተ ክርስቲያን ስሟን አንስቼ ጸለይኩላት። መድሃኔ ሁለት እጥበት ሲያመልጠውና ፊቱ ሲያብጥ ግን ይህችን ደግ ሴት በአካል ልለምናት ብዬ በባቡር ሚኒያፖሊስ ቢሯችሁ ድረስ ሄድኩ።

እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ከሚሪያ ወንበር ሰጠችኝ፤ ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ግሬስ የምትባል ሰው የለችም። ኮምፒውተሩ ነው የሚመልሰው» አለችኝ።

«የጻፍኩትንስ ማን ያነበዋል?» አልኳት።

«እንጃ፣ እማማ» አለችና አንገቷን ደፋች። ስሟን የማነሳው ፈቅዳልኝ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቃለች።

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ የሌለች ሴት ለእኔ እንግዳ አይደለችም። በወንዙ ዳር ባለው የድሮ ዱቄት ወፍጮ ሙዚየም ዘጠኝ ዓመት ወለል ስወለውል በግድግዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ። በዚያው በሚኒያፖሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ አንድ የዱቄት ኩባንያ በመጽሔት ማስታወቂያ እንቆቅልሽ አወጣ፤ ሽልማቱ የዱቄት ከረጢት የሚመስል የመርፌ መሰኪያ ነበር። ከመልሱ ጋር ግን «ሊጤ ለምን ኩፍ አይልም? ኬኬ ለምን መሐሉ ይሰምጣል?» የሚሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጎረፉ። የኩባንያው ወንዶች በራሳቸው ስም መመለሱን ስላላመኑበት ሴት ፈጠሩ፤ ስም አወጡላት፤ ፊርማዋንም ከሠራተኞቻቸው የእጅ ጽሕፈት መረጡላት። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ አንድ መጽሔት በአገሩ ከታወቁት ሴቶች ሁለተኛዋ እሷ ናት ብሎ ጻፈ። ፈጽሞ ያልተወለደች ሴት! ነገር ግን ከስሟ ጀርባ ደብዳቤውን የሚያነቡ፣ ወጥ ቤት ገብተው የሚሞክሩ፣ ከዚያም የሚመልሱ እውነተኛ ሴቶች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ለሰመጠ ኬክ ሰው ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ለባለቤቴ አልተገኘም።

ከቢሯችሁ ስመለስ መድሃኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አየር አጥሮት ነበር። ሳንባው ውኃ ይዞ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተሸክመው አውርደው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ ከሞት ቢያተርፈውም «መውጣት ወደማይችልበት ቤት አልመልሰውም» ብሎኛል። እስከ ሰኞ ሊፍቱ ካልተሠራ በስተሰሜን፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ወደሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ይልኩታል። እኔ መኪና አልነዳም። አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ያለእኔ እጅ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ አይቆልፍም። እባክዎን፣ ስላቁ ይቅርና፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አንድ ሰው ይላኩልኝ። አንድ ብቻ።

መልስዎን ከሰው እጅ ለማግኘት በመመኘቴ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እየለመንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሁልጊዜ የሚሠራ ሊፍት የምመኝልዎ፣

ለተገብርኤል፣ ከስድስተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ጋዜጣው ሳይታተም ይህን እንዲጨምሩልኝ ለምኛቸዋለሁ። መድሃኔን ማክሰኞ ጠዋት ወደ መንከባከቢያው ወሰዱት። ሐሙስ ዕለት አንድ ሠራተኛችሁ መጥቶ ሊፍቱን ሠራው፤ ቆሜ ሰዓት ይዤለታለሁ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ብቻዬን ወጣሁበት። በእውነት ፈጣን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።