የማክሰኞው ፓስታ

ለታላቅ እህቴ ለኻሊዳ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፤ አንቺም እማማም እንዴት ከረማችሁ? እኛ ሙቀቱና ሥራው ካደከመን በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ማክሰኞ ካርቲየ 5 ሰፈር ያለውን ሱቅ ዘግቼ፣ በአውቶቡስ ተጋፍቼ ሃያብለ ሰፈር ቤቴ ስደርስ እግሬ አልሸከም ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ርቧቸው ስለጠበቁኝ የሚቀለኝን አሰብኩና ፓስታ ጣድኩ፤ በጎን ሽንኩርትና ቲማቲም ከቱና ጋር አቁላላሁ። ውሃውን ላጠልል ድስቱን ሳነሳው ከቀኝ እጄ አምልጦኝ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደግነቱ ማንንም አላቃጠለም።

ልጄ ናዒማ፣ “እማ፣ ትናንትም ብርጭቆ ወድቆብሻል” አለችኝ።

“ዘይት ነክቶኝ ነው” አልኳት።

ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ወለወለች። የተረፈውን ከዳቦ ጋር በላን፤ ባለቤቴ ሙሕሲንም ጣፍጦት ሳህኑን ጠረገው። ከዚያ ወዲህ ድስት የምታወርደው ናዒማ ናት። ለአባቷ “ሙያ እያስተማርኳት ነው” ብዬዋለሁ።

እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው ኻሊዳ፤ አባባን እጁ ዕቃ አልይዝ ያለው በስንት ዓመቱ ነበር? አንቺ ታላቅ ነሽና አትረሺውም።

ደብዳቤውን ለእማማ አታንብቢላት። “ነጅማ ደህና ናት፣ ፓስታ ሠርታ ልጆቿን አበላች” በያትና ጉልበቷን ሳሚልኝ። አላህ በጤና ያገናኘን።

እህትሽ ነጅማ