ሳይነጋ በር የመታው ጆቴ

«አንተ መጽሐፍ ጀምረህ አትጨርስም» ያልከኝ እስካሁን ያናድደኛል። ይኸው ጨረስኩት። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል ወንድም ጋሼ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ስትሄድ የተውክልኝን ልብ ወለድ ጋሪ ተራ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የናዝሬት ጋሪ ነጂ በሙሉ ፈረሱን ትቶ እኔን ነው የሚሰማው። ደራሲው የምሽጉን ቅማል፣ ጥማቱን፣ ከተማ ቀርቶ ቢራ የሚገለብጠውን ሰውዬ ልክ አድርጎ ጽፎታል። አንድ ቦታ ግን ተሳሳተ። ቤተሰቡ የወታደሩን መርዶ በቀትር ከፖስታ ነው የሚያነበው። መርዶ ሳይነጋ በሽማግሌ እንደሚነገር አያውቅም እንዴ? ጎረቤታችን ጆቴ እንኳ ሳቀበት።

ያው ጆቴ ማክሰኞ ሳይነጋ ልጓም ሊዋሰኝ መጥቶ በር መታ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» አለችው።

«ብቻዬን ነኝ እማማ፣ ልጓም ፈልጌ ነው።»

ልጓሙን ራሷ አምጥታ ሰጠችውና ተመልሳ ተኛች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን ግን እስካሁን አላቃናችውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ፈርቼ አይደለም፣ ታውቀኛለህ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። መጽሐፉን ለእሷ ሳነብላትም ያን ገጽ ዘልዬ ወታደሩን በፈቃድ ቤቱ አስገባሁት።

ከፋሲካ ወዲህ ደብዳቤህ አልመጣም፤ ፖስታ ቤቱ ነው መሰለኝ የሚያዘገየው። እማዬና ሰፈሩ በሙሉ ሰላም ብለውሃል።

ወንድምህ አብተው ነኝ። ሁለት መስመር ይበቃል፣ በራስህ እጅ ጻፍ፣ ዛሬውኑ መልስ።