ተኝታ ይውጣላት

ኅዳር 12
ኅዳር ሲታጠን። ከተማችን ጠዳ ጭስ በጭስ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ለኮሰ። የባለቤቴ እናት እማማ ይመኙሽም «ያ የድሮው በሽታ እንዳይመለስ» እያሉ ግቢውን ጠርገው አቃጠሉ። ልጄ መቅደላዊት እሳቱን ስትዞር ዋለች። አምስት ዓመቷ ነው፣ አፏ ሥራ አይፈታም። ማታ ሳል ያዛት። ጭሱ ነው አልኩ።

ኅዳር 14
ትኩሳት። ጉንፋን ይሆናል... እኔ ከማስተምራቸው ልጆችም ግማሹ ያስላል። እማማ ግን «ምች ነው» አሉ። ዳማከሴ አሽተው አጠጧት፣ ግንባሯንም ቀቧት። ተኛች። «ሸጋ እንቅልፍ ነው» አሉኝ።

ኅዳር 15
ረፋዱም እንደተኛች። ባለቤቴ አላምረው ፈራ።
«ምነው እንዲህ ተኛች? ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»
«ተኝታ ይውጣላት፣ አትቀስቅሳት» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እማማ አይደሉም።
ከቀትር በኋላ እጇ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሁለመናዋ። ሚኒባስ ለምነን ጎንደር ገባን።

ኅዳር 17
ሆስፒታል። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ አንጎሏን አሳብጦታል አለች።
«ጉንፋን?»
«አልፎ አልፎ ሕፃናት ላይ እንዲህ ይከፋል።»
«በጠዋት ብናመጣት ኖሮስ?»
«እሱን ማንም ሊነግርሽ አይችልም።»
ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

ኅዳር 20
አልነቃችም።

ኅዳር 23
ዓይኗን ገለጠች። አላምረው ተንበርክኮ ወለሉን ሳመ። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ታየኛለች... ግድግዳውንም እንደዚያው ነው የምታየው።
እማማ ደወሉ። «ዳማከሴው ይሆን እንዴ? እኔ ነኝ?» አሉኝ። አይደሉም አልኳቸው። ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 29
አላምረው እስካሁን አንድ ቃል አልወቀሰኝም። ምሳ ያመጣል፣ ብይ ይለኛል፣ ይሄዳል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 6
ቤት ገባን። ግራ እግሯን ትጎትታለች። ሐኪሟ «ጊዜ ስጧት» ብላለች። ስንት ጊዜ? አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 8
ፀጉሯን ሳበጥርላት ተናገረች። ከታመመች የመጀመሪያዋ ነው።
«እትዬ፣ ውሃ ይስጡኝ።»
የማታውቂውን ትልቅ ሰው አንቱ በይ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣች።
«ስምዎ ማን ነው?»
«ዓይናለም» አልኳት። ማበጠሪያውን አንስቼ ቀጠልኩ።