የቄስ ሞላ ደም እና አዲሱ ማሽን

ሰኞ

ዛሬም አልነካሁትም። የሥራ ባልደረባዬ ዮናስ ግን ቀኑን ሙሉ ሲነካካው ዋለ። የሆስፒታላችንን አዲስ የላብራቶሪ ማሽን ማለቴ ነው። በማሽከርከሪያ ተሽከርክሮ ከተለየ ደም ላይ ቢጫውን ፈሳሽ፣ ፕላዝማውን፣ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ በየብልቃጡ ይከፍላል። ብልቃጡ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይሄድና የካንሰር ርዝራዥ ይፈለግበታል። እስካሁን ይህን በእጄ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ቀናሁ መሰለኝ።

"እቴነሽ፣ ሰላም እንኳ አላልሽውም እኮ" ይለኛል ዮናስ። ቀልደኛ!

ማክሰኞ

አጎቴ ቄስ ሞላ ነገ ከይምርሐነ ክርስቶስ ይመጣሉ። አምና ከአንጀታቸው ዕጢ ወጥቶላቸዋል። ተመልሶ እንደሆነ የሚታየው ነገ በሚቀዳው ደም ነው። በስልክ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "ደም የፈሰሰው ቄስ በዚያ ዕለት መቅደስ አይገባም። አንድ ቀን ከቅዳሴ ቀርቼልሻለሁ። ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ።"

አይመለሱም። አውቃቸዋለሁ። ናሙናው ቢበላሽስ? ፈራሁ።

ረቡዕ

መጡ። ጾም ነው፣ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። "ውኃ ጠጥተው ይምጡ አላልኩም?" ብላቸው፣ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን በወጣኝ!" አሉ። ደም ሥራቸው ጠፋን። በመከራ የወጣው ደም ከወትሮው ግማሽ ቢሆን ነው።

አሽከረከርኩት። የአጎቴን ደም ለማሽን አልሰጥም ብዬ የእጅ መቅጃዬን፣ ፒፔቱን፣ አነሳሁ። ከፕላዝማው ሥር ስስ ነጭ ንጣፍ አለ፤ እሱ ከተነካ ናሙናው አለቀለት። ብሳሳት ሌላ ደም የለኝም። አስቀመጥኩት።

"ዮናስ፣ ና አንተ ማሽኑን ክፈተው።"

ማሽኑ መጠኑን ለካ። ቆመ። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። ከዚያ ጫፉን ቀስ አድርጎ አወረደ፤ ቢጫውን ብቻ ሳበ፤ ነጩ ጋ ሊደርስ ሲል ተወው። እኔ ብሆን ትንሽ ልጨምር ብዬ እሳሳ ነበር። "ጎበዝ!" አልኩት ጮክ ብዬ። ዮናስ በሳቅ ሊሞት።

ቄስ ሞላ በመስኮቱ ያዩ ነበር።

"ማን አስተማረው?"

"ሰው ነው፣ አባ።"

"እንግዲያ ጥሩ መምህር አግኝቷል።"

ሐሙስ

ናሙናው በጠዋቱ በረራ ሄደ። የዛሬዎቹን ሁሉ ከምሳ በፊት ጨረስን። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንድ ዓይነት ጥራት። እኔ ከሰዓት ሲደክመኝ እንዲህ አይወጣልኝም ነበር። ወገቤንም አላመመኝም። ወደድኩት፣ ምን ላድርግ!

አርብ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ከአዲስ አበባ ውጤቱ መጣ። ፕላዝማው ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ስለነበር ተመርምሯል። የካንሰር ምልክት አልተገኘም። ሐኪማቸው "ለጊዜው ጥሩ ዜና ነው፣ ክትትሉ ግን ይቀጥላል፤ አንቺው ንገሪያቸው" አለኝ። ደረጃው ላይ ሄጄ አለቀስኩና ፊቴን ታጠብኩ። ከዚያ ደወልኩ።

ነገርኳቸው። ስልኩ ቋ ሲል ሰማሁ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"አባ፣ ይሰሙኛል?"

"አለሁ ልጄ" አሉ ስልኩን አንስተው። "መሬት አስቀምጬው ሰግጄ ነው።"