ቆጮ ጉድጓድ የገባው እንክብል

ለልጄ ለብሩክታይት፣ የጌታ ሰላም ባለሽበት አገር ይብዛልሽ። እኛ ሶዶ ደህና ነን፤ ዕቃሽን እልል ብዬ ተቀበልኩት።

ግን የወር አበባዋ ለቆመ ሴት አጥንት ይበጃል ያልሽው እንክብል ሕያው ባክቴሪያ ነው አሉኝ! ኧረ ቀፈፈኝ! ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ስለሚል፣ ፍሪጁም ስለተበላሸ፣ በኮባ ጠቅልዬ ቆጮው ጉድጓድ ከተትኩት። አክስትሽ ቦሼ ስቃ ልትሞት፦ «አንቺ፣ ቆጮውንስ ባክቴሪያ አይደል የሚያቦካው?»

«ቆጮ ምግብ ነው፤ ይሄ ጀርም ነው!» አልኳት።

ለጊፋታ በዓል ቀሚስ ካሰብሽልኝ አጠር ይበል፤ አምና ልኬ የነበረው ዘንድሮ መሬት ይጠርጋል። እጥበት ይሆናል ያረዘመው።

ዛሬ አፍንጫዬን ይዤ አንዱን ዋጥኩት። ነገም እውጣለሁ። ስትመጪ እንደ ድሮው ከላይ ሆኜ አናትሽን ልስምሽ።

እናትሽ ሣራ